ጥርሱ ያልሞላን ፈረስ ስለ ማዝለል

የአንባቢያን ጥያቄና የእንስሳት ሐኪም መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ከወሎ የተላኩ ናቸው። አንዱ ከለጋምቦ፣ አንዱ ከደሴ፣ አንዱ ደግሞ ከተንታ የመጡ ሲሆኑ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ የጠየቁት ሁሉ ወደ አንድ ጉዳይ ያመራል፤ ይኸውም ዕድሜው ያልጠናን ፈረስ መቼና በምን ያህል መጠን ለሩጫና ለዝላይ ማሰማራት እንደሚገባ ነው። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በእጅ ስልኬ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ የሚተላለፉ የፈረስ መሰናክል ዝላይ ውድድሮችን እከታተላለሁ። ገና ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው ፈረሶች እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ መሰናክል እየዘለሉ ሲሮጡ አይቻለሁ። እኔም በእናቱ በኩል ጥሩ ዘር ያለው፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ውርንጭላ አለኝ፤ በቁመት ከእናቱ አይተናነስም። ቦይና የድንጋይ ካብ እያዘለልኩ አለማምጄው ለመጪው ጥምቀት ጉግስ ላሰልፈው አስቤ ነበር። አባቴ ግን «ጥርሱ ሳይሞላ ጀርባው ላይ እንዳትወጣ» ብለው ከለከሉኝ። ፈረንጆቹ በሦስት ዓመቱ የሚያዘልሉት ከሆነ አባቴ የከለከሉኝ በልማድ ብቻ ነው ወይስ እውነት አላቸው? (ከአቀስታ፣ ለጋምቦ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ እውነት አላቸው። በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ጥቂት የምጨምርበት ነገር አለኝ፤ እርሱን ወደ መልሴ መጨረሻ ታገኘዋለህ።

በመጀመሪያ «ጥርሱ ሳይሞላ» ያሉትን ቃል እንመልከት። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን የሚቀይረው በተራ ነው። የመሀለኛው ጥንድ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳሩ ጥንድ ደግሞ በአራት ዓመት ተኩል ይቀየርና በአምስት ዓመቱ ጥርሱ ሞላ ይባላል። አባቶቻችን የልደት ቀን የሚጽፉበት መዝገብ ሳይኖራቸው የፈረስን ዕድሜ ከአፉ የሚያነቡት በዚህ ነው። እኔን በሙያዬ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን የጥርሱ መሙላትና የአጥንቱ መጥናት በጊዜ መቀራረባቸው ነው። የፈረስ የእግር አጥንት የሚረዝመው በጫፎቹ አካባቢ ባለ፣ ገና ወደ አጥንትነት ባልተለወጠ ልም አጥንት አማካይነት ነው። ይህ ለስላሳ ክፍል ጠንክሮ የሚዘጋው ከታች ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ከሰኮናው አቅራቢያ ያለው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ሲዘጋ፣ ከፊት ጉልበቱ በላይ ያለው ግን ሁለት ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ኮርቻ የሚያርፍባቸው የጀርባ አከርካሪ አጥንቶች ደግሞ ከሁሉም ዘግይተው፣ በአምስት ዓመት ግድም፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ነው እድገታቸውን የሚጨርሱት። እንግዲህ አባትህ «ጀርባው ላይ እንዳትወጣ» ሲሉ በትክክል የመጨረሻውን ለስላሳ ቦታ ነክተዋል።

በቁመት ከእናቱ አይተናነስም ብለሃል። ቁመት ግን አታላይ ነው። በደንብ የተቀለበ የቶሮብሬድ (ለሩጫ ውድድር ተብሎ የሚራባው የፈረንጅ ዝርያ) ውርንጭላ በአንድ ዓመቱ ከሙሉ ቁመቱ ወደ 90 በመቶ ይደርሳል፤ በክብደት ግን ገና ከሁለት ሦስተኛው አይበልጥም። ይህም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ገብስ፣ አጃና ድርቆሽ የማይቋረጥበት ጋጣ ውስጥ ለሚያድግ ፈረስ ነው። የለጋምቦ ውርንጭላ በበጋ ወራት በደረቀ መስክ ላይ ያገኘውን እየነጨ የሚያልፍ በመሆኑ እድገቱ በየበጋው ይዘገያል። ስለዚህ የእኛ ፈረስ ከእነርሱ ፈረስ ቀድሞ ይጠናል ብለን የምናምንበት ምንም ምክንያት የለም።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርህን ስሌት እባክህ በጥሞና ተመልከተው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እርሱን ነውና። በመሰናክል ውድድር የሚሮጥ ፈረስ ክብደቱ 500 ኪሎ አካባቢ ነው። ጋላቢውና ኮርቻው አንድ ላይ ተመዝነው ብዙውን ጊዜ ከ63 እስከ 75 ኪሎ ይሆናሉ፤ ይህም ከፈረሱ ክብደት ከ13 እስከ 15 በመቶ ነው። የእኛ የደጋ ፈረስ ግን አድጎ ጨርሶም ቢሆን ከ250 ኪሎ ብዙም አይርቅም። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ከነኮርቻው፣ ከነግላሱና ከነእርካቡ 70 ኪሎ ሆኖ ሲወጣበት ሸክሙ ወደ 28 በመቶ ይደርሳል። ብዙ የዘርፉ ባለሙያዎች ለሙሉ ፈረስ እንኳ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚመክሩትን አንተ ለሁለት ዓመት ተኩል ውርንጭላ ልታሸክመው ነው ማለት ነው። በስልክህ ያየኸው የሦስት ዓመት ፈረስ እንኳ ከአንተ ውርንጭላ ያነሰ ሸክም ነበር የተሸከመው።

ዝላይ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ፈረስ በሽምጥ ሲጋልብ አንዱ የፊት እግሩ መሬት በሚረግጥበት ቅጽበት ከመላ ሰውነቱ ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ኃይል ይቀበላል። ዘልሎ ሲወርድ ደግሞ አስቀድሞ መሬት የሚነካው የፊት እግር ከሌላው የበለጠውን ድንጋጤ ለብቻው ይሸከማል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ከእግሩ በስተኋላ የሚወርደው ጅማት እስከ አቅሙ ጫፍ ይለጠጣል። የተለጠጠ ጅማት ሲድን እንደ ቀድሞው አይሆንም። ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳውም እንደ ጅማት አይለጠጥም። ጉግስም በበኩሉ ሌላ ሸክም አለው። የሽሽትና የማባረር ጨዋታ በመሆኑ ፈረሱ በሙሉ ፍጥነት ከሄደ በኋላ በዛብ ተይዞ በድንገት ይቆማል፣ በኋላ እግሩ ላይ ተቀምጦ ይዞራል። በልጅነቴ የጥምቀት ዕለት አንድ ጎረቤታችን ጥርሱን ገና አንዴ ብቻ የቀየረ ፈረስ ይዞ ወጥቶ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ፈረሱ ሲዞር የኋላ እግሩ ከዳው። አልሞተም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ዳገት ሳያነክስ ወጥቶ አያውቅም። የእንስሳት ሐኪም ለመሆን የወሰንኩት በዚያ ዕለት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ እንመለስ፤ ያየኸው ነገር እውነት ቢሆንም ሙሉው አይደለም። አንደኛ ነገር፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚወለዱ የቶሮብሬድ ፈረሶች ሁሉ በየትኛውም ወር ቢወለዱ ዕድሜያቸው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። በግንቦት የተወለደውም በጥር ከተወለደው እኩል «ሦስት ዓመት» ይባላል። እኛ አገር «ሦስት ክረምት ያየ» ስንል ከሰኔ የተወለደውንና ከመስከረም የተወለደውን እንደምናደባልቀው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በአየርላንድና በእንግሊዝ ለመሰናክል ውድድር ተብለው ከሚራቡት ፈረሶች ብዙዎቹ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዶቹም አራት ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ሳይገሩ መስክ ላይ እንዲያድጉ ይተዋሉ። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉት ደግሞ ምንም መሰናክል የሌለበት፣ ብዙውን ጊዜ 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሜዳ ሩጫ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ የዚህ ሩጫ ጥቅም ወጣቱ ፈረስ ግርግሩን፣ ሕዝቡንና ከሌሎች ጋር መሮጥን ከዝላዩ አስቀድሞ እንዲማር ነው። በእንግሊዝ በሦስት ዓመታቸው የሚዘሉት በአብዛኛው ለሜዳ ሩጫ ተራብተው ከሁለት ዓመታቸው ጀምሮ ሲሮጡ የቆዩ ናቸው፤ የሚዘሉትም ከሚገፋ ቁሳቁስ የተሠራውን፣ 1 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ዝቅተኛ መሰናክል ነው። አንተ ልታዘልለው ያሰብከው የድንጋይ ካብ ግን ሲነካ አይገፋም።

ይህን ስል እዚያ ሁሉም ነገር በፈረሱ ዕድሜ ልክ ይሠራል ማለቴ አይደለም። በአየርላንድ ገጠር የአራት ዓመት ፈረሶች ወደ 4.8 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ላይ ከፍተኛውን መሰናክል እየዘለሉ የሚወዳደሩባቸው ሩጫዎች አሉ፤ ያሸነፈው በማግስቱ በብዙ ገንዘብ ይሸጣል። ገዢው ቶሎ እንዲፈልገው ሻጩ ቶሎ ያዘልለዋል። ይህ የገበያ ጥድፊያ እንጂ የፈረሱ አጥንት የጠየቀው አይደለም፤ ከእነርሱ ልንቀዳው የማይገባንም ይህኑ ነው።

ከመጀመሪያ ላክልበት ያልኩት ነጥብ እንግዲህ ይኸውልህ። አባትህ ጥርሱ እስኪሞላ ጀርባው ላይ እንዳትወጣ ከለከሉህ እንጂ ውርንጭላው ታስሮ ይዋል አላሉህም። አጥንት የሚጠነክረው ሥራ ሲያገኝ ነው። ወጣት ፈረስ መስክ ላይ በነፃነት ሲሮጥ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲባረር፣ ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ አጥንቱ በተጫነበት አቅጣጫ ራሱን ያወፍራል። ታስሮ የሚያድግ ውርንጭላ ቀጭን አጥንት ይዞ ያድግና ከዓመታት በኋላ በድንገት ሲጋልቡት ይሰበራል። ነገር ግን አጥንት ራሱን ሲያድስ አስቀድሞ አሮጌውን ያፈርሳል፤ ማፍረሱ ጥቂት ሳምንታት ሲወስድ አዲሱን መገንባት ወራት ይፈጃል። በእነዚህ በመካከል ባሉ ሳምንታት ውስጥ አጥንቱ ከወትሮው ይሳሳል። ሥራ በድንገት የተጨመረበት ወጣት ፈረስ የፊት አገዳው የሚያብጠውና የሚያነክሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ወቅት ነው።

ስለዚህ ውርንጭላህን በዚህ ዓመት ከእናቱ ኋላ አስከትለህ ገበያ ድረስ ውሰደው። ሰው፣ ጭነት፣ መኪናና ወንዝ ይልመድ። ጉንጩ እንዳይቆስል መንጋጋውን በቀለበት የሚይዘውን ከባድ ልጓም ትተህ በመጀመሪያ በገመድ፣ በኋላ ቀለል ባለ ልጓም አለማምደው። ባዶ ኮርቻ ለጥቂት ደቂቃ ጫንበትና አውርድለት። መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ በእርምጃ ይሻገር፤ ይህ የዝላይ መጀመሪያው ትምህርት ነው፣ እንግሊዞቹም የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። በገመድ አስረህ በጠባብ ክብ ማዞሩን ግን ተው፤ ቀጥ ብሎ ከሚሄድበት ይልቅ ክቡ ጉልበቱን ይጎዳዋል። ሁለተኛውን የጥርስ ጥንድ ሲቀይር፣ በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከ40 ኪሎ የማይበልጥ ልጅ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለአጭር መንገድ በእርምጃና በሶምሶማ ይቀመጥበት። ግልቢያና ዝቅተኛ ዝላይ የዳሩን ጥርስ ከቀየረ በኋላ ይሁን። ጉግሱን አባትህ እንዳሉት ጥርሱ ሲሞላ፤ ሁለት ጥምቀት መታገስ ነው። ወሎ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በራስ ሚካኤል መሪነት የዘመተውን ፈረሰኛ ያበቀለ ምድር ነው፤ ከአባትህ አፍ የወጣው እውቀት ከየት እንደመጣ አስብና ደጋግመህ ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ስለ እንስሳት መብት ስንወያይ የፈረስ መሰናክል ውድድር ተነሣ። ገሚሱ ጭካኔ ነው አሉ፤ ገሚሱ ደግሞ ፈረሱ ራሱ መሮጥ ይወዳል በማለት ተከራከሩ። በውድድሩ ፈረሶች እንደሚሞቱ ሰምቻለሁ። አገሮቹ ይህን ለማስተካከል ምን አድርገዋል? የእርስዎስ አስተያየት ምንድን ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የዚህ ውድድር አጀማመር ለተማሪዎችዎ ሊያስገርማቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1752 በአየርላንድ ኮርክ ግዛት ሁለት ሰዎች ተወራርደው ከበትቫንት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዶነሬይል ቤተ ክርስቲያን ድረስ፣ የሩቁን ማማ እንደ ምልክት ይዘው፣ በመንገድ ያገኙትን አጥርና ቦይ ሁሉ እየዘለሉ መጋለባቸው ይነገራል። ስያሜውም (ስቲፕልቼዝ) በእንግሊዝኛ ከቤተ ክርስቲያን ማማ የተወሰደ ነው። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ወደ ተከለለ ሜዳ ገባ እንጂ አደጋው አልቀረም። በብሪታንያ በመሰናክል ውድድር ፈረሶች 1000 ጊዜ ሲሰለፉ ወደ 4 የሚጠጉት ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ በሜዳ ሩጫ ግን ቁጥሩ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። አንድ ፈረስ በዓመት ብዙ ጊዜ ስለሚሮጥ ይህ ቁጥር ላዩን ሲያዩት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

የተደረገው ለውጥ ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ በኤይንትሪ ሜዳ የሚካሄደው ግራንድ ናሽናል ወደ 6.9 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 30 መሰናክሎች ያሉት ታላቅ ውድድር ሲሆን፣ ሰባት ዓመት ያልሞላው ፈረስ አይሰለፍበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የመሰናክሎቹ ውስጠኛ እንጨት ተነሥቶ ሲመቱት በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ተተካ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የተሰላፊዎቹ ቁጥር ከ40 ወደ 34 ዝቅ ተደረገ፤ ፈረሶቹ ከመነሻው ተንደርድረው ብዙ ፍጥነት ሳያጠራቅሙ እንዲደርሱበት ሲባልም የመጀመሪያው መሰናክል ወደ መነሻው ቀርቧል። ጅራፍን በሚመለከት፣ በብሪታንያ የመሰናክል ጋላቢ በአንድ ውድድር ፈረሱን ከ7 ጊዜ በላይ መምታት አይችልም፤ ገደቡን በአራትና ከዚያ በላይ ካለፈ ፈረሱ ከውጤት ይሰረዛል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን የቀለሙ ጉዳይ ነው። መሰናክሎቹ ለረጅም ዘመን በብርቱካናማ ቀለም ይለዩ ነበር። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈረስ ብርቱካናማንና አረንጓዴን እንደ ሰው ለይቶ እንደማያይ አጥንተው ባቀረቡት መሠረት ብርቱካናማው በነጭ ተተክቷል። ስንት ትውልድ ሙሉ ሰው የራሱን ዓይን በፈረሱ ዓይን ቦታ አስቀምጦ ኖሯል። ተማሪዎችዎ «ፈረሱ ይወዳል» ሲሉም ይህንኑ ያስቡበት። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ጋላቢውን ጥሎ ብቻውን የቀረ ፈረስ እንኳ ከሌሎቹ ጋር መሮጡን ይቀጥላል። መሮጡን ይወዳል ማለት እንችል ይሆናል፤ ርቀቱን፣ ሸክሙንና የመሰናክሉን ቁመት ግን እርሱ አልመረጠም።

በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት መሰናክል ውድድርን እ.ኤ.አ. በ1997 በሕግ ከልክሏል፤ ሳውዝ አውስትራሊያም በ2022 ተከትሎታል። በቪክቶሪያ ግን እስካሁን ቀጥሏል።

አስተያየቴን ጠይቀውኛልና አልሸሽገውም። ሙሉ ዕድሜ ያለው፣ በሚገባ የሠለጠነ ፈረስ በተመዘነ ሸክምና በሚተጣጠፍ መሰናክል ላይ መዝለሉን አልቃወምም። የሦስት ዓመት ፈረስ በውድድር ፍጥነት መሰናክል መዝለሉን ግን እቃወማለሁ። ይህን ስል የሚቀርብልኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በሁለት ዓመታቸው መሮጥ የጀመሩ ፈረሶች ዘግይተው ከጀመሩት ይልቅ ለረጅም ዓመታት እንደሚወዳደሩ አሳይተዋል። ውጤቱን አከብራለሁ፤ ወጣት አጥንት ልከኛ ሥራ እንደሚያስፈልገውም ይመሰክራል። ሆኖም በሁለት ዓመቱ ያልሮጠ ፈረስ ብዙ ጊዜ ያልሮጠው አስቀድሞ ታሞ፣ ተጎድቶ ወይም ደካማ ሆኖ ተገኝቶ ስለሆነ፣ ጤነኛውን ከታማሚው ጋር አነጻጽሮ «ቶሎ መጀመር ይጠቅማል» ማለት ያሳስታል። ደግሞም ጥናቶቹ የሚናገሩት በዋናነት ስለ ሜዳ ሩጫ እንጂ ከላይ ስለሚወርድ ዝላይ አይደለም። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን የመሰናክል ውድድር ከጃንዋሪ 1 ላይ አላስርም፤ ከእያንዳንዱ ፈረስ ትክክለኛ የልደት ቀን ላይ ቆጥሬ፣ የፊት ጉልበቱን በራጅ አስመርምሬ እንጂ። ራጅ በእነዚያ አገሮች ለማንኛውም የፈረስ ሐኪም በእጁ ያለ መሣሪያ ነው፤ ለሽያጭ ሲሆን የሚነሣው ሥዕል ለፈረሱ ደኅንነትም ሊነሣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ፈረሱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ገና አራት ዓመቱ ነው። ልጆቼ በበዓልና በሠርግ ቀን ይጋልቡታል፣ ወንዝ ሲደርሱም ያዘልሉታል፤ በማግስቱ የፊት እግሩን ያነክሳል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይተወዋል፣ እንደገና ሲጋልቡት ይመለስበታል። ጎረቤቶች በጋለ ብረት አስተኩሺው ይሉኛል። የምቀልበው ጭድ፣ ፉርሽካና አንዳንዴ ጓያ ነው። ምን ላድርግ? (ከተንታ)

መልስ፦ እናታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ብረቱን ይተዉት። በጋለ ብረት መተኮስ በእንግሊዝ አገርም ለብዙ መቶ ዓመታት የሩጫ ፈረሶችን ጅማት ለማዳን ሲሠራበት ቆይቷል፤ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ጅማቱን እንደማያድን፣ ይልቁንም ቁስልና ሥቃይ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ከተኮሱት በኋላ የሚድን የሚመስለው ቆስሎ ሳይጋለብ ስለሚከርም ነው። የሚጠቅመው ዕረፍቱ ነው፤ ዕረፍቱን ያለ ብረት ሊሰጡት ይችላሉ።

እግሩን እንዲህ አድርገው ይዩት። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳያገኘው፣ መዳፍዎን ከፊት ጉልበቱ በታች በአገዳው ፊት ለፊት ያሳርፉ፣ ከዚያም ከኋላ በኩል ባለው ጅማት ላይ ወደ ታች ያውርዱ። ሁለቱን እግሮች ያነጻጽሩ። አንደኛው ከሌላው የሞቀ፣ ያበጠ ወይም ሲጫኑት የሚሸሽ ከሆነ ሕመሙ ያለው እዚያ ነው። ሙቀቱ ከአገዳው ፊት ከሆነ ያልጠናው አጥንት ተጨንቋል፤ ጥቂት ሳምንታት አሳርፈው ቀስ በቀስ ቢመልሱት ይድናል። ሙቀቱና እብጠቱ ከኋላ ጅማቱ ላይ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት መጋለብ የለበትም። በሁለቱም መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ያህል ወራጅ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያቁሙት። በእርምጃም እያነከሰ ከሆነ፣ ወይም እግሩን መሬት ማስነካት ከፈራ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ቀበሌዎ የእንስሳት ጤና ኬላ ይውሰዱት። ከመሄድዎ በፊት ሰኮናውንም አንሥተው ይመልከቱ፤ ድንጋይ ተሰክቶበት ወይም ምስማር ወግቶት ሊሆን ይችላል።

ቀለቡን በተመለከተ ጓያውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ጓያ የሰውን እግር እንደሚያሰናክል በእኛ አገር የማያውቅ የለም፤ ከቤት እንስሳት መካከል ደግሞ ፈረስ ለመርዙ በጣም ከሚጋለጡት አንዱ ነው። የኋላ እግሩ ይዝላል፣ ጉሮሮው ሽባ ሆኖ ሲሮጥ እያጓራ ይተነፍሳል፣ ከባሰም ታፍኖ ይሞታል። ፉርሽካም ለብቻው ሲበዛ ጥሩ አይደለም፤ ፎስፈረስ ስለሚበዛበትና ካልሲየም ስለሚያንሰው ፈረሱ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት እየሳበ ያወጣል። በማደግ ላይ ያለ የአራት ዓመት ፈረስ አጥንቱ ሲሳሳ የሚያነክሰው ለዚህም ሊሆን ይችላል። ፉርሽካውን ቀንሰው ጥቂት ገብስ ይስጡት፤ ማገጥ የበዛበት የመስክ ሣር ያስግጡት፣ አልፋልፋ የሚዘራ ጎረቤት ካለም እየለመኑ ቢሆን ይጨምሩለት።

ልጆችዎን ደግሞ ማን ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ጠይቁልኝ። ሁለት ሆነው የሚቀመጡበት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ ወንዙንም በእርምጃ ይሻገሩት እንጂ አያዝልሉት። የፈረሱን አፍ ከፍተው የዳሩን ጥርስ ሲቀይር እስኪያዩ ድረስ ሠርግ የሚሄዱት በእግራቸው ይሁን፤ እርሱንም ማለዳ ማለዳ የፊት እግሩን እየዳሰሱ ሙቀቱ ወርዶ እንደሆነ ለእርስዎ እንዲነግሩ ያድርጓቸው።